ሳይቴ ምን ነካው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ጥያቄ በዛ ብሎ ነው የመጣው። ስክሪንሾት አያይዛችሁ የላካችሁ ተባረኩ። «ሳይቴ አልሰራም አለኝ እባክህ እርዳኝ» ብላችሁ በአንድ መስመር የጨረሳችሁት ግን፣ እኔም ጠንቋይ አይደለሁም፣ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ኢረር ቃል በቃል ላኩልኝ፣ ከተቻለ ደግሞ የሎጉን፣ ማለትም ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል፣ የመጨረሻ ጥቂት መስመር ጨምሩበት። እንደተለመደው ትእዛዞቹን በፊደላችን ነው የምጽፋቸው፣ ኪቦርድ ላይ ስትመቷቸው በላቲን መሆኑን እንዳትረሱ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የሰበሰብኳቸውን ተረቶች ልጄ በሠራልኝ የዎርድፕሬስ ሳይት ላይ ሳስቀምጥ ብዙ ጊዜዬ ነው። የሆስቲንጉ ዋጋ ስለጨመረ ወደ ሌላ አዛወርነው። ከዚያ ወዲህ የድሮዎቹ ጽሑፎች በሙሉ ምንነቱ በማይታወቅ የፈረንጅ ፊደል ተሞሉ። የተወሰኑትን እንደ አዲስ ተይቤ ሳስቀምጣቸው ደግሞ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆነው ቁጭ አሉ። ልጄ የፎንት ችግር ነው ይለኛል። ጽሑፌ ጠፍቷል ማለት ነው?
ያሳሰበኝ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ጋሼ፣ ሌላው ሁሉ ይቆየንና መጀመሪያ የድሮውን ሆስቲንግ፣ ሳይትዎ የሚቀመጥበትን የኪራይ ሰርቨር፣ እንዳይዘጉት። ኮንትራቱ ሊያልቅ ከሆነም የአንድ ወር ይክፈሉበት። ሁለተኛ፣ ነገሩ እስኪስተካከል አዲሱ ሳይት ላይ ምንም አይጻፉ፣ የተበላሸውንም ደግመው አይተይቡ።

ፎንት አይደለም። ፎንት ቢሆን ኖሮ ባዶ ሳጥን ሳጥን ነበር የሚያዩት። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ያንን ቁጥር ኮምፒውተር በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ 8 ሲጻፍ ሀ ይሁን ፐ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ የመጀመሪያዋ ባይት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ናት፣ በሄክስ (በ16 መሠረት በሚሄደው የኮምፒውተር የቁጥር አጻጻፍ) ኢ1 ተብላ ነው የምትጻፈው። ይቺ ባይት የምዕራብ አውሮፓን ፊደል ብቻ በሚያውቀው በድሮው በላቲን 1 ስትነበብ አናቷ ላይ ዘንበል ያለች ጭረት ያለባት ትንሽ የላቲን ኤ ትሆናለች። እስቲ የተበላሸውን ጽሑፍ አንዱን መስመር ልብ ብለው ይዩት፣ ያቺ ጭረት ያለባት ፊደል በየሁለት በየሦስት ምልክቱ እየተመላለሰች ከሆነ እልል ይበሉ፣ አማርኛዎ አንድም ሳይጎድል እዚያው አለ፣ የሚያነበው ነው የተሳሳተው።

የጥያቄ ምልክቱ ግን ሌላ ነው። እሱ ጽሑፎችዎ የሚቀመጡበት ዳታቤዝ «ይሄን ፊደል የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም» ብሎ ፊደሉን ጥሎ በምትኩ ያስቀመጠው ነው፣ ወደ ኋላ አይመለስም። ልጅዎ ማረጋገጥ ከፈለገ የዳታቤዙን ውስጥ በሚያሳየው ፒኤችፒ ማይአድሚን ውስጥ ገብቶ ከአንዱ ጽሑፍ ርእስ ላይ ሄክስ የሚለውን ፈንክሽን ያስኪደው፣ ኢ1 ኢ1 እያለ ከመጣ በሕይወት አለ፣ የጥያቄ ምልክት ኮድ የሆነውን 3ኤፍ 3ኤፍ ካለ አልቋል። የደገሙት ጽሑፍ የመጀመሪያው ቅጂ ግን የድሮው ሰርቨር ላይ ስላለ እሱም ይገኛል፣ እንዳይዘጉት ያልኩት ለዚህ ነው። ከተዛወረ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፉት ካለ ብቻ እሱን ከደብተርዎ እንደገና መተየብ ሊኖርብዎ ነው።

እንዴት እዚህ ተደረሰ? ዳታቤዙን የሚያስኪደው ሶፍትዌር፣ ማይኤስኪውኤል፣ እስከ ስሪት 8.0 ድረስ፣ ማለትም እስከ 2018 እ.ኤ.አ.፣ ካልነገሩት በስተቀር ሠንጠረዦቹን በላቲን 1 ነበር የሚከፍተው። የድሮው ሳይትዎ ዳታቤዙም ላቲን 1፣ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበት መስመርም ላቲን 1 ነበር፣ ስለዚህ ባይቶቹ እንደገቡ ይወጣሉ፣ ማንም ምንም አያይም። አዲሱ ሰርቨር ላይ ሠንጠረዡ ያው ላቲን 1 ሆኖ መስመሩ ብቻ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 (ማይኤስኪውኤል ሙሉውን ዩቲኤፍ 8 የሚጠራበት ስም) ሆነ፣ እና ዳታቤዙ ደግ የሠራ መስሎት መሀል ገብቶ ይቀይራል።

ለዛሬ ማታ የሚሆን መፍትሔ፦ የድሮው ሳይት ዎርድፕሬስ ኮንፊግ የሚባለው ፋይል ውስጥ ዲቢ ቻርሴት የሚል መስመር አለ፣ እዚያ ላይ የነበረውን እንዳለ አዲሱ ላይ ያድርገው። ጽሑፉ ወዲያው ይመለሳል፣ የጥያቄ ምልክት የሆኑት ሲቀሩ። ለዘለቄታው ግን፣ ዳታቤዙን ከድሮው ሰርቨር በማይኤስኪውኤል ዳምፕ ወደ ፋይል ሲያወጣ ዲፎልት ካራክተር ሴቱን ላቲን 1 አድርጎ፣ ስኪፕ ሴት ቻርሴት የሚለውን ጨምሮ ያውጣው፣ የወጣውን ፋይል ከፍቶ ሠንጠረዥ የሚከፈትባቸው መስመሮች ላይ ላቲን 1 የሚለውን ሁሉ ወደ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 ይቀይር፣ ከዚያ አዲስ ባዶ ዳታቤዝ ፈጥሮ በዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 ያስገባው። ኮንፊጉም ያኔ ወደ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 ይመለሳል። እባክዎ ይሄን ሁሉ ሕዝብ የሚያየው ሳይት ላይ አይሞክረው፣ ጎን ለጎን የሙከራ ቦታ ላይ ይሁን።

ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፣ የላኩልኝ ሊንክ ቴሌግራም ላይ ስከፍተው የፐርሰንት ምልክት ጋጋታ ሆኖ መጨረሻው ተቆርጧል። አንድ የአማርኛ ፊደል ሊንክ ውስጥ ሲገባ 9 ምልክት ይሆናል፣ ዎርድፕሬስ ደግሞ ለሊንኩ ስም የሚሰጠው 200 ምልክት ነው፣ ስለዚህ ከ22 ፊደል ያለፈ ርእስ ይቆረጣል። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ምናምን ፊደላቸው አንድ ለሆነ ርእሶች ሁሉ ሊንኩ ተመሳስሎ መጨረሻው ላይ 2፣ 3 እየተለጠፈበት ነው የሚሄደው። ሲያትሙ ስለግ (የሊንኩ ስም) የሚለው ቦታ ላይ አጠር አድርገው «ጦጣና አንበሳ» ብቻ ይበሉት።

ጥያቄ፦ የሥራ ማስታወቂያ የምለጥፍበት ሳይት አለኝ፣ 1 ጊጋ ራም ያላት ቪፒኤስ (የኪራይ ቨርቹዋል ሰርቨር) ላይ ነው። በየሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ይወድቃል፣ «ኢረር ኢስታብሊሺንግ ኤ ዳታቤዝ ኮኔክሽን» ይላል፣ ጠዋት ሪቡት ሳደርገው ይነሳል። ዩቲዩብ ላይ አይቼ የፒኤችፒውን ማክስ ቺልድረን 50 አደረግኩት፣ ጭራሽ ባሰበት። ጓደኛዬ ሀክ አድርገውህ ነው አለኝ። እንቅልፍ አጣሁ።
ሌሊት የሚነቃው፣ ከጎፋ

መልስ፦ ወንድሜ ሀክ አልተደረግክም፣ ሰዓቱ ራሱ ይናገራል። ሰርቨሮች አብዛኛውን ጊዜ በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ነው የሚሄዱት፣ እኛ 3 ሰዓት እንቀድማቸዋለን፣ ስለዚህ በኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማለት ሰርቨሩ ላይ ልክ እኩለ ሌሊት፣ 00:00 ነው። «ዴይሊ» ተብሎ የተቀጠረ ሥራ ብዙውን ጊዜ በዚያች ሰዓት ነው የሚነሳው፣ የባክአፕ ፕለጊንህም፣ ሎግ ማጽጃውም፣ ምኑም ምኑም አንድ ላይ ይነሱና 1 ጊጋ ራም ላይ ይጋፋሉ።

ለማረጋገጥ ጠዋት ሪቡት ከማድረግህ በፊት ዲሜስግ የሚለውን ትእዛዝ ስጥ፣ ሪቡት ካደረግክ በኋላ ባዶ ሆኖ ነው የሚጀምረው፣ ማስረጃህን አንተው በእጅህ እያጠፋኸው ነበር ማለት ነው። ውስጡ «አውት ኦፍ ሜሞሪ፣ ኪልድ ፕሮሰስ» የሚል መስመርና አጠገቡ ማይኤስኪውኤልዲ የሚል ስም ካገኘህ ጉዳዩ አለቀ። ሊኑክስ ራም ሲያልቅበት ብዙ የያዘውን ፕሮሰስ መርጦ ይገድላል፣ ትንሽ ሰርቨር ላይ ብዙ የሚይዘው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዳታቤዙ ነው። ለዚህ ነው ሳይቱ ራሱ ተነስቶ ዳታቤዙ ብቻ የሚጠፋብህ።

አሁን ያ ዩቲዩብ። ማክስ ቺልድረን ማለት የሳይቱን ኮድ የሚያስኪደው ፒኤችፒ በአንድ ጊዜ ስንት ሠራተኛ ያስነሳ ማለት ነው፣ ዎርድፕሬስ የሚያስኪድ አንድ ሠራተኛ 60 ሜጋ ቢበላ 50ው 3 ጊጋ ነው፣ አንተ ያለህ 1 ጊጋ! ሰውየው 16 ጊጋ ማሽን ላይ ያደረገውን ነው ያሳየህ፣ የኡቡንቱና የዴቢያን ዲፎልት 5 ነው፣ ወደ እሱ መልሰው፣ ላንተ ሳይት 5 አያንስም። ቀጥለህ 2 ጊጋ ስዋፕ፣ ራም ሲሞላ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ፣ ፍጠር፣ ፎልኬት በሚለው ትእዛዝ ፋይሉን ትሠራለህ፣ ፈቃዱን 600 ታደርጋለህ፣ ኤምኬ ስዋፕ፣ ከዚያ ስዋፕ ኦን፣ መጨረሻ ኤፍኤስ ታብ ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ጨምር፣ እሷን ከረሳህ በሚቀጥለው ሪቡት ስዋፑ የለም። ስዋፕ ዲስክ እንጂ ራም ስላልሆነ ፍጥነት አይሰጥህም፣ ሌሊት ላይ የሚመጣውን ግፊት ግን ያሳልፍልሃል።

ባክአፑን ደግሞ ከሌሎቹ ለይተህ አስቀምጠው። ሥራ በሰዓት የምትቀጥርበት ክሮን ላይ ስትጽፍ ልብ በል፣ ከሌሊቱ 10 ተኩል እንዲነሳ ከፈለግክ የምትጽፈው 1 ሰዓት ከ30 ነው፣ ጠዋት 2 ሰዓት እንዲለጠፍ የምትፈልገው ማስታወቂያ ደግሞ 5 ሰዓት ላይ ነው የሚጻፈው። እኛ ጋ ክረምት በጋ ብሎ ሰዓት መቀየር የለም፣ አንዴ ካስተካከልከው ዓመቱን ሙሉ ይሄዳል።

ዲሜስግ ላይ ያ መስመር ከሌለስ? እንግዲያው ዲስኩን እይ፣ ዲኤፍ ሰረዝ ኤች። ዲስክ ሲሞላም ዳታቤዙ ይቆምና ሊመጣ የሚችለው ኢረር ያው ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ማይኤስኪውኤል 8 የለውጥ መዝገቡን፣ ቢንሎግ የሚባለውን፣ ካልነገርከው 30 ቀን ያጠራቅማል፣ እንዳንተ ማስታወቂያ የሚለጠፍና የሚነሳበት ሳይት ላይ በጊጋ ይሆናል። ፋይሎቹን በእጅህ እንዳታጠፋቸው፣ ዳታቤዙ ውስጥ ገብተህ ፐርጅ ባይነሪ ሎግስ በለው። የባክአፕ ፕለጊንህም ዚፑን እዚያው ዲስክ ላይ እያከማቸ ከሆነ፣ እሱ ባክአፕ አይባልም፣ ሰርቨሩ ሲሞት አብሮ ነው የሚሞተው፣ ወደ ሌላ ቦታ ላከው።

ጥያቄ፦ ፎቶ ቤት አለኝ። ሳይቴ ላይ ፎቶ ስጭን ትንንሹን ይቀበላል፣ ትልቁን «413 ሪኩዌስት ኢንቲቲ ቱ ላርጅ» ይለኛል። ፒኤችፒው ላይ 64 ሜጋ ብዬ አስተካክያለሁ፣ ለውጥ የለም።
ከአዳማ

መልስ፦ 413 ያለህ ፒኤችፒ ሳይሆን ከፊቱ ቆሞ የጎብኚውን ጥያቄ የሚቀበለው ኤንጂንኤክስ ነው፣ ጥያቄው ፒኤችፒ ጋ አልደረሰም። የኤንጂንኤክስ ዲፎልት 1 ሜጋ ነው፣ ክላይንት ማክስ ቦዲ ሳይዝ የሚለውን 64 ኤም አድርገህ ሪሎድ በለው። ፒኤችፒው ላይ ደግሞ አፕሎድ ማክስ ፋይልሳይዝን ብቻ ነክተህ ፖስት ማክስ ሳይዝን ትተህ ከሆነ እሱም በ8 ሜጋው ይያዝብሃል። በነገራችን ላይ የካሜራውን ፋይል እንዳለ መጫን ምን ይሠራል? ደንበኛህ በሞባይል ዳታ ነው የሚከፍተው፣ ስፋቱን 1600 ፒክስል አድርገህ ጫነው።

ጥያቄ፦ የሐበሻ ልብስ አከራያለሁ፣ ሳይቴን ራሴው ነው የማስተዳድረው። በየሦስት ወሩ ደንበኞቼ «ሳይትሽ አደገኛ ነው ይላል» ብለው ይደውሉልኛል። ገብቼ ሰርትቦትን ሳየው ሰርተፊኬቱ ገና 60 ቀን ቀርቶታል ይላል። ማንን ልመን?
ግራ የገባት፣ ከነታንያ

መልስ፦ እህቴ ሁለቱንም እመኚያቸው፣ ሁለቱም እውነት ነው የተናገሩት። 60 የምትለዋ ቁጥር ነች ሚስጥሩ። የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፊኬት (የሳይትሽን ማንነት ለብራውዘር የሚያረጋግጠው) 90 ቀን ነው የሚቆየው፣ የሚያድሰው ፕሮግራም ሰርትቦት ደግሞ 30 ቀን ሲቀረው ያድሰዋል። አሮጌው በሚሞትበት ቀን አዲሱ 30 ቀን ሞልቶታል፣ ስለዚህ 60 ቀረው። ማለትም እድሳቱ በትክክል ተሠርቷል፣ አዲሱ ፋይል ዲስክሽ ላይ ከወር በፊት ጀምሮ ተቀምጧል፣ ኤንጂንኤክሱ ግን ሲነሳ ያነበበውን አሮጌውን ሜሞሪው ውስጥ ይዞ እሱኑ ለሰው እያሳየ ነው። ሪሎድ ስትይው በአንድ ሰከንድ ያልቃል።

እንዳይደገም ኢቲሲ ውስጥ ሌትስኢንክሪፕት፣ እሱ ውስጥ ሪኒዋል ሁክስ፣ እሱ ውስጥ ዲፕሎይ የሚባል ፎልደር አለ። እዚያ ውስጥ «ሲስተም ሲቲኤል ሪሎድ ኤንጂንኤክስ» የምትል የአንድ መስመር ስክሪፕት አስቀምጪና የማስኬጃ ፈቃድ ስጪያት፣ ሰርትቦት ባደሰ ቁጥር እሷ ትጠራለች። የሰርትቦትን የኤንጂንኤክስ ፕለጊን የሚጠቀሙ ሰዎች ይሄ አይገጥማቸውም፣ አንቺ ሰርተፊኬቱን ብቻ አውጥቶ ኤንጂንኤክሱን በማይነካው ሰርትኦንሊ በሚለው ነው ያወጣሽው መሰለኝ።

ኢሜይል ይመጣልኛል ብለሽም አትጠብቂ፣ ሌትስ ኢንክሪፕት የማስጠንቀቂያ ኢሜይል መላክ ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አቁሟል። ጭራሽ የሰርተፊኬት እድሜ እያጠረ ነው የሚሄደው፣ ብራውዘር ሠሪዎቹና ሰርተፊኬት ሰጪዎቹ የተስማሙበት ገደብ በመጋቢት 2029 እ.ኤ.አ. ወደ 47 ቀን ይወርዳል። በእጅ ማደስ የሚባለው ነገር ያኔ አይታሰብም፣ ከአሁኑ አውቶማቲክ አድርጊው። ፖርት 80ንም፣ ያልተመሰጠረው ኤችቲቲፒ የሚገባበትን በር፣ «ኤችቲቲፒኤስ ካለኝ ምን ያደርግልኛል» ብለሽ ፋየርዎል ላይ እንዳትዘጊው፣ የተለመደው ማረጋገጫ በእሱ በኩል ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ የሰርቨሬን ኦውዝ ሎግ፣ የመግቢያ ሙከራ የሚመዘገብበትን፣ ከፍቼ ባይ «ፌይልድ ፓስዎርድ ፎር ሩት» የሚል በሺ የሚቆጠር መስመር አገኘሁ፣ ከማላውቀው አገር አይፒ ሁሉ። ጠላት አለኝ እንዴ?
የደነገጠ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ጠላት የለህም፣ ኢንተርኔት ላይ ያለ ሰርቨር ሁሉ ይሄን ያያል፣ ሮቦቶች ናቸው፣ ማን እንደሆንክም አያውቁም። ከሩቅ ሆነህ ሰርቨሩን በምታዝበት በኤስኤስኤች፣ በቁልፍ ፋይል ብቻ የሚገባበት አድርገውና ፓስዎርድ መግቢያውን ዝጋ፣ ከፈለግክ ደጋግሞ የሚሳሳተውን አይፒ የሚያግደውን ፌይል ቱ ባን ጫን። ብቻ ፓስዎርዱን ከመዝጋትህ በፊት ሁለተኛ ተርሚናል ከፍተህ በቁልፉ መግባትህን አረጋግጥ፣ የመጀመሪያውንም አትዝጋ፣ ራሱን ውጭ ቆልፎ የሚጽፍልኝ ሰው በየወሩ አለ።

ጥያቄ፦ መርካቶ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። በኔ ካርድ ከውጭ መክፈል ስላልቻልኩ ዶሜይኔን፣ የሳይቴን ስም፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው የገዛልኝ። ካርዱ ኤክስፓየር አድርጎ ኖሮ ሳይቴ ከሳምንት በፊት ጠፍቶ የማላውቀው ማስታወቂያ ወጣበት። ዶትኮም ነው። ሰርቨሩን ሪስታርት አድርጌዋለሁ። ተሸጦብኝ ይሆን?
ከመርካቶ

መልስ፦ ሰርቨርህን ተወው፣ እሱ ጤነኛ ነው፣ ስሙ ነው ወደ እሱ የማያደርሰው። ገና የተሸጠ አይመስለኝም፣ ግን አትተኛ። ሁይዝ (የዶሜይን መዝገብ) የሚያሳይ ገጽ ላይ ስሙን አስገብተህ ስታተስ የሚለውን እይ። ዶትኮም ቀኑ ካለፈ በኋላ ብዙውን ጊዜ በተለመደው ዋጋ የሚታደስበት ጊዜ አለው፣ እንደ ዶሜይን ሻጩ ይለያያል፣ ቢበዛ 45 ቀን ነው፣ አንተ አሁን እዚህ ነህ፣ ማስታወቂያውን የሚለጥፉትም በዚሁ ጊዜ ነው። እሱ ካለፈ «ሪደምፕሽን ፒሪየድ» ይላል፣ 30 ቀን ነው፣ መመለስ ይቻላል ግን ሻጩ ከእድሳቱ ላይ ጠቀም ያለ ቅጣት ይጨምርበታል። «ፔንዲንግ ዲሊት» ካለ 5 ቀን ነው፣ በዚያ ጊዜ ማንም ምንም ማድረግ አይችልም፣ ሲያበቃ የቀደመ ይወስደዋል፣ ሲለቀቅ ጠብቆ ለመቅለብ የተዘጋጀ ሶፍትዌር ያለው ሰው ደግሞ ካንተ ይቀድማል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ለአክስትህ ልጅ ደውል። የእነሱ ሰዓት ከኛ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ ብትደውል ቀኑ ላይ ታገኘዋለህ። አዲሱን ካርድ አስገብቶ ይክፈል፣ ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለሦስትም ለአምስትም ዓመት። እንዳትቆጣው፣ ውለታ ነው የዋለልህ፣ ከእድሳቱ በፊት ሻጩ አንድ ወርና አንድ ሳምንት ሲቀረው የማሳሰቢያ ኢሜይል የመላክ ግዴታ አለበት፣ ኢሜይሉ ግን የሄደው ለሱ ነው፣ እሱ ደግሞ የመለዋወጫ ሱቅህን ሳይት ጠዋት ማታ አይከፍትም።

ዶሜይኑ ከተመለሰ በኋላ አካውንቱ በአንተ ስምና በአንተ ኢሜይል ይሁን፣ እሱ ካርዱን ብቻ ያስገባ። የባለቤትነት ስም ሲቀየር አንዳንድ ሻጮች ወደ ሌላ ድርጅት ማዛወርን ለ60 ቀን ይቆልፋሉ፣ እዚያው እያለህ ስም መቀየር ግን አያግድህም። ኢሜይሉን ደግሞ በራሱ በዶሜይኑ ስም የተከፈተውን እንዳታደርገው፣ ዶሜይኑ የሞተ ቀን ኢሜይሉም አብሮ ይሞታል፣ ፓስዎርድ ሪሴት ብትል እንኳ መልእክቱ የሚደርስበት የለም። በጂሜይልህ አድርገው፣ የሚታደስበትን ቀን ደግሞ ሱቅህ ውስጥ የግብር መክፈያህን ቀን የምትጽፍበት ካላንደር ላይ ጻፈው።